የአንጓች ከል

ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቴን አንጓችን ቀብረን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንወጣ፣ ከሐይቁ ማዶ ለለቅሶ የመጣች አንዲት የማላውቃት ሴት ወደ አንጓች ልጅ ሚስት ጠጋ አለች። የልጁ ሚስት ሕፃን ታቅፋ ታለቅስ ነበር። ሴትየዋ የሕፃኑን እግር በነጠላዋ ሸፈነችለትና አራት ቃል ብቻ ተናግራ አለፈች።

እነዚያን አራት ቃላት ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጅ ይዛ ላዘነች እናት ይባላሉ። ከየት እንደመጡ ግን ማንም አይጠይቅም፤ ከሐይቁ ጋር አብረው የተፈጠሩ ነው የሚመስለው። የተወለዱት አሁን አፈር ባለበስናት በእህቴ ቤት እንደሆነ የሚያውቅ ከእኔ በቀር እዚያ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ሲበተን፣ እኔም ከሞትኩ የሚናገረው አይኖርም ብዬ ልጽፈው ቁጭ አልኩ።

አንጓች ባልዋ ሲሞትባት ገና ልጅ እግር ነበረች። ቢምረው ይባላል። በደንገል ታንኳ ከደሴቶቹ ጌሾና ሎሚ እየጫነ ገበያ የሚያወርድ ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው። ማታ ከውሃ ሲመለስ ከማንም ጋር ሳይነጋገር በቀጥታ ወደ ልጁ ወደ ምንይችል ይሄድና በእርጥብ እጁ ጉንጩን ይነካዋል። ልጁ በብርዱ ይሸማቀቅና ይስቃል። ሆዱን ይነካዋል፤ ደግሞ ይስቃል። አንጓች «ተው፣ ታስበርደዋለህ» ትላለች፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ያን ሳቅ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን እሰማዋለሁ።

ሰኔ ገና ሲገባ ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሣ። ታንኳዋ ባዶዋን መጣች። ቢምረውን ዳርቻው ላይ ከበቀለው ደንገል ውስጥ አገኙት። እኔም እህቴን ላግዝ ከእናታችን ቤት ወጥቼ እሷ ዘንድ ገባሁ።

በእኛ አገር ባልዋ የሞተባት ሴት ከል ትለብሳለች። ያኔ ከል ከገበያ አይገዛም። የገዛ ነጭ ቀሚሷንና ነጠላዋን ነው ጥቁር ቀለም አፍልተው የሚነክሩላት፤ የለበሰችው ሁሉ የትናንት ነጯ መሆኑን እንድታውቀው። የተነከረውን ልብስ ሴቶች ሐይቅ ወርደው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ያለቀልቁታል። አንዴ ከተለበሰ ደግሞ አርባው እስኪወጣ አይታጠብም።

የአንጓችን ከል ያፈሉት አማቷ፣ የቢምረው እናት እማማ ደብሪቱ ናቸው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። እሳቸው ራሳቸው የባላቸውን ከል ከለበሱ ዘመን አልፎታል፤ እስካሁን አልተዉትም፤ ከመታጠቡ ብዛት አመድ መስሎ ነበር። ልጃቸውን በቀበሩ ማግሥት፣ ግቢያቸው ውስጥ ድስት ጥደው፣ ያንን ጥቁር ውሃ በዱላ ሲያማስሉ እንባ አልወጣቸውም።

ሴቶቹ እርጥቡን ልብስ በገበታ ይዘው ወደ ሐይቁ ሊወርዱ ሲሉ አንጓች በር ላይ ቆመች።

«የት ልትወስዱት ነው?»

«ልናለቀልቀው ነዋ» አለች ጎረቤታችን አስካል።

«ሐይቅ?»

«ታዲያ የት? ሰማይ ላይ?»

«ባሌን የዋጠ ውሃ ሐዘኔን አይነካውም» አለች አንጓች።

ሴቶቹ እማማ ደብሪቱን አዩ። እማማ ደብሪቱ ምራታቸውን አዩ። ሐዘንተኛ በትኩስ ሐዘኗ የምትለው አይሻርም። «እንዳለችው ይሁን» አሉ። ልብሱ ተጨምቆ አጥር ላይ ተሰጣ። ክረምት ስለሆነ በቅጡ አልደረቀም። ለሠልስቱ አንጓች እርጥበቱ ሳይለቀው ለበሰችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የማይጠቁር ነገር አልነበረም። አንገቷ ጠቆረ፤ መዳፏ ጠቆረ፤ የተደገፈችበት ግድግዳ ጠቆረ። ልጁን ሳጥበው ውሃው ይደፈርሳል። ማንንም አልገረመውም። አዲስ ከል ይለቃል፤ የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ግራ ጉንጩ ላይ ነው። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ናቸው። በማግሥቱ ጆሮው ሥር ወረዱ። ከዚያ ሆዱ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ጭኖቹ መሐል ወጡ። ልጁ መራመድ አልጀመረም፤ ማሳከክ ግን በአንድ ቀን ተማረ። ጥፍሩን ብንቆርጥለት በእጁ ጀርባ ይፈትገዋል። ጩኸቱም የራብ ጩኸት አልነበረም፤ ሰውን ጥፋ የሚል ጩኸት ነበር።

አስካል ዳማከሴ ጨምቃ ይዛ መጣች።

«ምች ነው» አለች። «ፀሐይ ላይ ያወጣው ማን ነው?»

«ማንም አላወጣውም» አልኳት። «ፀሐይስ የታለ? ሐምሌ ሊገባ ነው እኮ።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያስ የጥላ ምች ነው» አለችና ቀባችው።

ሌላዋ ኩፍኝ ነው አለች። ሌላዋ ዓይን ነው አለች፤ ለለቅሶ ከገባው ሰው ሁሉ ዓይኑ የከፋው ማን እንደሆነ ሲነጋገሩ አመሹ። እማማ ደብሪቱ ግን «ዝም ብሎ ከማውራት ጤና ጣቢያ ውሰዱት» አሉና ወሰድነው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አገሬ ልጁን ገላልጣ አየችው። ብዙ ጊዜ ወስዳ ነው ያየችው።

«ኩፍኝ አይደለም። ይህን ልጅ የሚነካው አንድ ነገር አለ» አለች። «ገላውን ምን ምን ይነካዋል?»

አንጓች አሰበች። «ሳሙና። ቅቤ። የሚተኛበት ቁርበት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? ከእኔ በቀር።»

ሲስተር አገሬ ፈገግ አለች። «እናት አታሳክክም» አለች። ቅባት ሰጠችንና የሚነካውን ሁሉ እንድንለውጥ ነገረችን።

ለወጥን። ሳሙናውን ተውን፤ ቅቤውን ተውን፤ ቁርበቱን አውጥተን በምትኩ የእኔን ጋቢ አነጠፍን። ከሉን ግን ማንም አላሰበው። ከልን እንደ ልብስ የሚያየው የለም። ሴትየዋ ራሷ ናት፤ ሐዘኗ ነው። ሐዘንሽን ለውጪ የሚል ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል?

ቅባቱ ትንሽ አበረደለት፤ ተመልሶም ባሰበት። ቁስሉ ውሃ ማዠት ጀመረ። ጡት ሲሰጡት ጉንጩ ደረቷ ላይ ገና ሲያርፍ ይፈናጠርና ፊቱን ያዞራል። ገላው ትኩሳት ያዘው፤ ክንዶቹ ቀጠኑ። አንጓች ጡቷ ሞልቶ ይፈሳል፤ ልጇ ግን አጠገቧ ይራባል።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ገብቶ ነበር። አጥሩ አይታይም። ድምፅም አልነበረም፤ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። አንጓች ልጁን ታቅፋ ደጃፍ ተቀምጣ ጉሙን ታያለች።

«የውብዳር» አለችኝ።

«ወይ፣ እታለም።»

«ማን እንደሚነካው አውቄያለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«አባቱ ነው። በሕልሜ ይመጣል፤ ከውሃው ወጥቶ፣ እንደ ድሮው። ምንም አይናገርም። እጁ እርጥብ ነው። ጉንጩን ይነካዋል፤ ሆዱን ይነካዋል። ጠዋት ገልጬ ሳየው የነካው ቦታ ነው የሚቀላው።» ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ናፍቆት እኮ ነው። ሊወስደው አይደለም፤ ናፍቆት ነው።»

ላጽናናት ብዬ አንድ ነገር ልናገር ፈለግኩ። ግን ያን ጠዋት፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ እኔም አመንኳት። ቢምረው አጥሩ ጋ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አልደነግጥም ነበር። ልቤን የከበደው ሌላ ነገር ነው፤ ፊቷ ቢምረው ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን በርቶ አያውቅም። ልጁ እየሞተባት ነበር፤ እሷ ግን በሽታውን ወደደችው።

ከዚያ ወዲያ ልጁን ለማንም አልሰጥ አለች። አዝላው ትውላለች፤ ታቅፋው ታድራለች። ባሰበት ቁጥር አጥብቃ ትይዘዋለች፤ አጥብቃ በያዘችው ቁጥር ይብስበታል።

እማማ ደብሪቱ አንድ ቀን መጥተው የልጁን ፊት አዩና አርባው ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከጤና ጣቢያ በቀር የትም አትሄድም የሚለውን ራሳቸው ሻሩት። «ልጄን ቀብሬያለሁ» አሉ። «የልጄን ልጅ አልቀብርም። ተነሺ፣ ጠበል እንወስደዋለን።»

አንጓች ልጁን አዘለችው፤ እማማ ደብሪቱ፣ አስካልና እኔ ተከተልን። ጠበሉ ከመንደራችን ሽቅብ ነው። ልጁ ተጠመቀ፤ አለቀሰ፤ ደክሞት እናቱ ጀርባ ላይ ተኛ። ስንመለስ ሐይቁን ቁልቁል እያየን ነበር። ውሃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ሆነው መለያ አልነበራቸውም። ድንገት ከማዶ ዝናቡ እንደ ነጭ መጋረጃ እየተሳበ ሲመጣ አየነው። መጠለያ ሳናገኝ ደረሰብን።

አስካል ከሁላችን ኋላ ነበረች። ቆመች።

«እማማ ደብሪቱ፣ እስቲ እግሩን ይዩት።»

ሁላችንም አየን። ከአንጓች ነጠላ ሥር የልጁ ሁለት እግሮች ተንጠልጥለዋል። በጭኑ፣ በባቱ፣ በጣቶቹ መሐል ጥቁር ውሃ እየወረደ መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ለቀቀው» አለች አስካል፤ አማተበች። «ጠበሉ አስለቀቀው። በእግሩ እየወጣ ነው።»

አንጓች ቀጥ ብላ ቆማለች። ዞራ ለማየት ፈርታለች።

«ሞተ?» አለች፣ በቀስታ።

«አልሞተም፤ ተኝቷል። እንዳትነቃነቂ» አሉ እማማ ደብሪቱ። ጠጋ ብለው የልጁን ባት በመዳፋቸው ጠረጉት። ባቱ ነጣ፤ መዳፋቸው ጠቆረ። መዳፋቸውን ብዙ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ አሸተቱት።

«አስካል፣ እጄን አሽትቺ።»

«እኔ? ከልጁ የወጣ ጋኔን ላሽትት?»

«አሽትቺ አልኩሽ።»

አስካል አፍንጫዋን በሩቁ አስጠጋች። «እንደ… ቀለም ይሸታል።»

«ቀለም ነው። እኔው ያፈላሁት ነው። ጋኔን በእኔ ድስት አይፈላም።»

መንገድ ዳር አንድ ዋርካ ነበርና ከሥሩ ገባን። እማማ ደብሪቱ ልጁን ከአንጓች ጀርባ አወረዱትና የራሳቸውን አሮጌ ነጠላ አውልቀው ጠቀለሉት። ቀጥለው የአንጓችን ቀሚስ ከትከሻዋ ገለጥ አደረጉ። ሸሸች፤ ያዟት። ትከሻዋ ላይ፣ ከአንገቷ ሥር፣ በጡቶቿ ዙሪያ፣ ልጁ ጉንጭ ላይ ያለው ሽፍታ እንዳለ ነበር። የእሷ አርጅቶ ጠቁሮ ነበር።

«ይህ መቼ ወጣብሽ?»

«ከለቅሶው ጀምሮ።»

«ያሳክክሻል?»

«ያቃጥለኛል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

አንጓች መሬት መሬቱን አየች። «ሐዘን እንዲህ የሚያደርግ መስሎኝ» አለች።

ዝናቡ ዋርካው ላይ ይወርዳል።

«አውልቂው» አሉ እማማ ደብሪቱ በመጨረሻ። «ያልተለቀለቀ ቀለም ነው። አንቺንም እሱንም እየበላችሁ ነው።»

«አላወልቅም።»

«አንጓች።»

«አርባው ሳይወጣ? የባሏ አፈር ሳይደርቅ አወለቀች ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

«እኔ አውልቂ እያልኩሽ ነው።»

አንጓች ያኔ ነው ያለቀሰችው። «ቀለም ከሆነ እሱ አይደለማ» አለች። «ከዚህ ወዲያ አይመጣማ።»

እማማ ደብሪቱ ስለ ሕልሙ አያውቁም ነበር። እኔ ነገርኳቸው፤ ስለ እርጥቡ እጅ፣ ስለ ጉንጩና ስለ ሆዱ። ሰምተው ሲጨርሱ ልጁን ለእኔ አቀበሉኝና ምራታቸውን በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙ።

«ስሚኝ። ያን እጅ እኔ ነኝ የወለድኩት» አሉ። «ልጅ ሆኖ እንቁላል ሲያመጣልኝ እንኳ እንዳይሰበር በሁለት እጁ ነበር። ልጄ ልጁን አያቃጥልም። በሕልምሽ ይምጣ፤ እኔም ጋ ይመጣል። ይህ ግን የእሱ እጅ አይደለም።»

ከዋርካው በቀጥታ ሐይቅ ወረድን። አንጓች ቢምረው ከሞተ ወዲህ ውሃውን በቅርብ አይታ አታውቅም። የእኔን ቀሚስ አለበስናት፤ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ቆምኩ። እማማ ደብሪቱ ከሉን ተቀብለው ሊያለቀልቁላት እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠችም። እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ትንሽ ቆመች።

«እሱን ወስደሃል» አለችው ሐይቁን። «እንካ፣ ይህንንም ውሰድ።»

ልብሱን ስትዘረጋው ጥቁሩ እንደ ጭስ ወጣ። በዙሪያዋ ተንሳፈፈ፤ ቀስ እያለ ወደ ደንገሉ፣ ቢምረው ወደተገኘበት ሄደ። እሷም በዓይኗ ሸኘችው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቀለቀችው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ምንይችል እኔ ክንድ ላይ ነቅቶ ሐይቁን ያያል፤ ከሠልስቱ ወዲህ ሳያለቅስ ሲነቃ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው።

እማማ ደብሪቱ እርጥቡን ነጠላ ተቀብለው ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ቀደዱት፤ የመቀነት ያህል። በውስጥ ልብሷ ላይ፣ ሆዷ ላይ አዙረው አሰሩላት። ከላይ ነጩን ቀሚሴን መለሱላት። ጥቁሩ አይታይም፤ ልጁንም አይነካውም። ከዚያ ልጁን ክንዷ ላይ አስቀመጡላት። ጡቷን ሰጠችው። ጉንጩን ደረቷ ላይ አሳረፈ፤ አልተፈናጠረም።

አርባው የወጣ ዕለት ዳሱ ሞልቶ ነበር። አንጓች የእኔን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ ገባች። ሹክሹክታው ከዳሱ ጫፍ ጫፍ ሲሄድ ይሰማል። የቢምረው አጎት አያ ቸኮል እንደ ስማቸው ናቸው፤ ነገር አያሳድሩም።

«እህቴ» አሏቸው እማማ ደብሪቱን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ልጅሽ ለምራትሽ አርባ ቀን እንኳ አልበቃም? እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ አሳዪኝ፣ የዚች ሴት ሐዘኗ የት ነው ያለው?»

መልሳቸውን ከመጻፌ በፊት የኋላው ይቅደም። የምንይችል ቁስል ለመስከረም ደረቀ፤ ከግራ ጆሮው ሥር አንዲት የነጣች ነጥብ ቀረች፣ እስከ ዛሬ አለች። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሐይቅ ዳር የምታጠባ ሴት ባል ቢሞትባት ከል አትለብስም፤ ከልብሷ ሥር ጥቁር መቀነት ታስራለች። አንጓች ሌላ ባል አላገባችም። ለቀብር ስንገንዛት ያችን መቀነት፣ አመድ መስላ፣ ወገቧ ላይ አገኘናት፤ አልፈታናትም።

ያን ቀን ግን እማማ ደብሪቱ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ምራታቸውን በእጇ ይዘው አያ ቸኮል ፊት አቆሟት፤ መጀመሪያ ሆዷን፣ ቀጥለው ልጁን የያዘችበትን ክንድ በመዳፋቸው ነክተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ «ሐዘን በሆድ፣ ልጅ በክንድ።»